የጤናና ሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጅማ ከተማ የሚገኘው የትምህርት ቤታችን የጤናና ሥነ ሕይወት ክበብ ችግኝ ተከላንና የግቢ ጽዳትን የመሳሰሉ የተለመዱ ሥራዎቹን ዘንድሮም አከናውኗል፤ ሰፊ ጊዜውን ግን የሰጠው አባላቱ ራሳቸው ለመረጡት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከወላጅ የሚወረስ የፕሮቲን ልዩነት ነፍሰ ጡር እናትን ለፕሪኤክላምፕሲያ ያጋልጣል ወይ የሚል ነበር።

ይህ ሕመም ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም እንደ ኩላሊትና ጉበት ያሉ የአካል ክፍሎች መጎዳታቸው ሲታወቅ የሚታይ ነው። የተጠናው ፕሮቲን ሃፕቶግሎቢን ይባላል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ የሚለቀቀው ሄሞግሎቢን፣ በያዘው ብረት ምክንያት የደም ሥሮችን እንዳይጎዳ ሃፕቶግሎቢን አጥብቆ ይይዘውና ከደም እንዲወገድ ያደርጋል። ዘረ መሉ በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲገኝ 1 እና 2 የሚባሉ ሁለት ዋና መልኮች አሉት፤ ከሁለቱም ወላጆች መልክ 2ን የወረሱ፣ ማለትም የ2-2 ባለቤቶች ፕሮቲን ጉዳትን የመከላከል አቅሙ ዝቅ እንደሚል በተለይ በስኳር ሕመም ጥናቶች ታይቷል።

ውርሱን ለማስረዳት ተማሪዎቹ ጥሬና የተቆላ ቡና በሁለት ኩባያ ቀላቅለው፣ ሳያዩ ከየኩባያው አንድ አንድ ፍሬ እያወጡ መዘገቡ። ሁለቱም ወላጆች 2-1 ከሆኑ ከልጆቻቸው በአማካይ ሩቡ 2-2 እንደሚሆን ከመዝገቡ ራሳቸው አነበቡ።

ከዚያ የተከተለው ክርክር በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው። አንዳንዶቹ 2-2 የሆነች እናት መታመሟ አይቀርም ብለው ደምድመው ነበር፤ ነገር ግን በተለያዩ ሕዝቦች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት እንዳልሰጡ፣ እንዲሁም 10 ሺህ ያህል ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ያለውን ጉዳት ይቀንሳሉ ተብለው የተሞከሩት ቫይታሚን ሲ እና ኢ ሕመሙን እንዳልተከላከሉ ሲረዱ፣ ድምዳሜያቸውን ራሳቸው አነሱ።

ተጋባዥዋ አዋላጅ ነርስ ግፊት ሲለካ ክንድ በልብ ትክክል ማረፍ እንዳለበት፣ ከመለካትም በፊት 30 ደቂቃ ቡና እንደማይጠጣ አሳይተዋል፤ ቡና ከቤት በማይጠፋበት ከተማችን ይህ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል። አባላቱም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም ያላት ነፍሰ ጡር ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ የሚያሳስብ ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ያነቡታል።