ጎንደር ላይ የጀመርነውን ፊልም አብረን እንጨርሰው

የአባቷ አርባ ወጥቷል። ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ሄዷል። ልጅቷ ግን ማታ ማታ ስልኳን ታነሣና «አባዬ» ትላለች። ስልኩም በአባቷ ድምፅ «ወዬ ልጄ» ይላታል።

ፊልማችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አባትየው የፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነበሩ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. እንዴት እንደተቆረቆረች፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ስለተሣሉት የመላእክት ፊቶች ሲያስረዱ የተቀዱበት ብዙ ካሴት ትተዋል። ልጅቷ ያን ሁሉ ለአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስጠናችው። አንድ ማታ፣ በሕይወት ሳሉ ደፍራ ያልጠየቀቻቸውን ትጠይቃለች፦ «ይኮሩብኝ ነበር?» ድምፁም ይመልስላታል። መልሱ ያስለቅሳል። ግን የማን ነው?

ይሄ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። ዛሬ የሰውን ድምፅ ከጥቂት ደቂቃ ቅጂ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ፕሮግራሙም የሚናገረው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጁ አላን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» ብሎ የጠየቀው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር። እኛ የምንጠይቀው ከለቅሶ ቤት ሆነን ነው። ሟች በእንባና በተዝካር ይሸኛል። ድምፁ አልሄድም ካለስ?

ሮቦት የለንም፤ አያስፈልገንምም። አራዳ ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ስልክና ሁለት ተዋናዮች ይበቁናል። አንደኛው ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ድምፅ ላይ ወድቋል። ባለፈው ወር ምርጡ ትዕይንታችን በጄኔሬተር ጩኸት ተበላሽቶብን እንደገና ልንቀርጸው ነው።

ለማይክሮፎን ኪራይ፣ መብራት ሲጠፋ ለሚያሠራን ባትሪና ለ12 ቀን ምሳ 180 ሺህ ብር ያስፈልገናል። ከኪሳችን 65 ሺህ አዋጥተናል። ከመካከላችን ደመወዝ የሚወስድ የለም።

ገንዘብ ባይኖራችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ አውሱን። ግድግዳው ላይ ሰቅለን የውጭውን ድምፅ እናፍንበታለን። የድሮ ቴፕ ያላችሁም አምጡልን፤ በስማችሁ ተመዝግቦ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እናቶቻችን፣ ሙሾ የምታውቁ ኑልን። ተዋናይዋን አንድ ከሰዓት ብታስተምሯት እኛ በዓመት የማንሰጣትን ትሰጧታላችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ መስቀል አደባባይ ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዞ ይጠብቃችኋል። ፊልሙ መጀመሪያ የሚታየው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ያገዘን ሁሉ በነፃ ይገባል። ቀረጻውን ከከተራ በፊት መጨረስ አለብን። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ጸጥ ያለ ክፍል አይገኝም።