ይድረስ ለልጄ፦ በፈረስ ዝላይ ጊዜ ስላለው አቀማመጥሽ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። አሰልጣኝሽ «ቀድመሽ አትጎንበሺ» የሚልሽን ለመፈጸም ከደረትሽ ጋር ስትታገዪ ይታያል፤ እኔ እንደማየው ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከጉልበትሽ በታች ነው። ቪዲዮውን አዘግይተሽ ብታዪው፣ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ከማንሣቱ በፊት ጉልበትሽ ኮርቻውን ጨምቆ ሲይዝ፣ ባትሽ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ተረከዝሽም ሽቅብ ሲነሣ ታገኚዋለሽ፤ እግር እንዲህ ከሥር ከከዳ ደግሞ ደረት አንገት ላይ ከመደፋት በቀር መሄጃ የለውም።

ስለዚህ ሥራሽን ከእርካብ ጀምሪ። እርካቡ ከጣቶችሽ ሥር ባለው ሰፊ የእግርሽ ክፍል ላይ ይረፍ፤ ጉልበትሽ ሳይጨምቅ ክብደትሽ በባትሽ አልፎ ወደ ተረከዝሽ ይውረድ። እርካቡ የተንጠለጠለበትን ጠፍር ከተለመደው ግልቢያ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ማሳጠር ተገቢ ነው፤ ዳሌና ጉልበት መታጠፊያ የሚያገኙት በዚያ ነውና። ማስተካከልሽን የምታውቂው በሶምሶማ ላይ ከኮርቻው ብድግ ብለሽ በዛቡ (ከልጓሙ ወደ እጅሽ በሚመጣው ጠፍር) ሳትደገፊ መቆየት ስትችዪ ነው፦ ወደ ፊት ከተደፋሽ እግርሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ኮርቻው ላይ ዘጭ ካልሽ ወደ ፊት ቀድሟል። እስክትለምጂው ድረስ ጋማውን መያዝ ነውር የለውም።

ወደ መሰናክሉ ስትቀርቢ የሚዘለው ፈረሱ መሆኑን አትርሺ። ሲነሣ ጀርባው ራሱ ወደ አንቺ ይመጣል፣ የዳሌሽም መታጠፊያ በዚያው ይዘጋል፤ ቀድመሽ ከተደፋሽበት ግን የፊት እግሮቹን ሊያነሣ ባለበት ቅጽበት ሸክሙን እዚያው ላይ ስለምትጭኚበት እንጨቱን ይመታል፣ አለዚያም አልዘልም ብሎ ይቆማል፤ በቆመ ጊዜ ደግሞ በአንገቱ ላይ አልፈሽ የምትወድቂው አንቺ ነሽ። ወደ ኋላ መቅረትም አፉን በልጓም ስለሚያስጎትት ክፉ ነው፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ዛቡ በጣቶችሽ መካከል እንዲንሸራተት እስከፈቀድሽ ድረስ ጥቂት መዘግየትን እመርጥልሻለሁ።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ፈረሰኞች መሰናክል ሲያልፉ ወደ ኋላ ተለጥጠው ዛቡን ይስቡ ነበር። ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (እ.ኤ.አ. 1868–1907) ግን ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ እንዴት እንደሚዘል አስተውሎ፣ አንገቱን ዘርግቶ ሚዛኑን እንደሚጠብቅና በፊት እግሮቹ እንደሚያርፍ ተረዳ፤ ዛሬ የምትማሪው ወደ ፊት ያዘነበለ አቀማመጥ መነሻው ይህ ነው። እጆችሽ ከጋማው ግራና ቀኝ አንገቱን ተደግፈው ወደ አፉ አቅጣጫ ይሂዱለት የምልሽም ለዚህ ነው። ዓይንሽ ደግሞ እንጨቱን ትቶ የምትሄጂበትን ይመልከት።

ለልምምድ፣ በመስቀል ቅርጽ የተጋደሙ ዝቅተኛ እንጨቶችን በሶምሶማ ማለፍ ይበቃሻል፤ ከፊታቸው 2.7 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሌላ እንጨት መሬት ላይ ይጋደም። ያ እንጨት ፈረሱን ወደሚነሣበት ቦታ ስለሚያደርሰው፣ አንቺ «አሁን ነው» ብለሽ መገመቱን ትተሽ ተረከዝሽን ብቻ ትጠብቂያለሽ። ከፍታ ለመጨመር አትቸኩዪ፤ ከፍታ የሚያስጨበጭበው ተመልካችን ነው። የሚቀጥለውን ቪዲዮ ከመሰናክሉ ጎን ሆነው ይቅረጹልሽ፣ ፈረሱ ካረፈ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት እርምጃዎችም ይግቡበት፤ ስታርፊ እግርሽ የት እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ