ለአደን ተብሎ ስለተሸጠልን የ10 ኤከር መሬት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ሃምፕሻየር ካውንቲ የገዛነው መሬት ለተሸጠበት ዓላማ የማይውል ስለመሆኑ

መሬቱን በዋሽንግተንና አካባቢው ላለው ሐበሻ ያስተዋወቃችሁት በአማርኛ ስለሆነ ቅሬታችንንም በአማርኛ እናቀርባለን። ማስታወቂያችሁ «ለጠመንጃ አደን ዝግጁ»፣ «መኪና እስከ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ያለው»፣ «ባለቤት በገዛ መሬቱ ያለ አደን ፈቃድ የሚያድንበት» ይላል። ሦስቱም ሐሰት ሆነው ተገኝተዋል። በጫካው ላይ ቅሬታ የለንም፤ ነጭ ኦክ የተባለው ዛፍ ብዙ ነው፣ ፍሬው ሲረግፍ አጋዘኑ ይመጣል። የጎደለው ሕጋዊ መተኮሻ ቦታና ሕጋዊ መግቢያ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጎረቤት ቤት ቅርበት ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ከመኖሪያ ቤት በ500 ጫማ (152 ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ ጠመንጃ መተኮስን ይከለክላል። በአንድ ቤት ዙሪያ በዚህ ርቀት ክብ ቢሰመር 18 ኤከር ይሸፍናል፤ የሸጣችሁልን ግን 10 ኤከር ነው። እሱም ቢሆን 400 ጫማ ስፋትና 1,089 ጫማ ርዝመት ያለው ቀጭን ቁራጭ ነው። የጎረቤት ቤት በረጅሙ ጎን መካከል ላይ፣ ከድንበሩ 60 ጫማ ብቻ ርቆ ይገኛል። ከዚያ ተነስቶ የሚለካው 500 ጫማ መሬታችንን በስፋቱ አቋርጦ ከወዲያኛው ድንበር 40 ጫማ ያልፋል። ተሰልቶ ሲታይ 7.4 ኤከሩ በክልከላው ውስጥ ይወድቃል። የሚተርፈው 2.6 ኤከር ደግሞ አንድ ላይ እንኳ አይደለም፤ በሁለቱ ጫፎች እኩል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ በቤቱ በኩል 50 ጫማ የማይሞላ፣ በወዲያኛው በኩል ወደ 350 ጫማ የሚሰፋ ጥግ ነው። 59,000 ዶላር የተከፈለው ለነዚህ ሁለት ጥጎች ነው ማለት ነው። በደንብ የተመታ አጋዘን እንኳ ከመውደቁ በፊት መቶ ሜትር ያህል ሊሮጥ ስለሚችል፣ ከነዚህ ጥጎች የተተኮሰበት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሰው መሬት ላይ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብቶ ማንሳት አይቻልም።

በስልክ የሰጣችሁን መልስ «ጎረቤቱን ጠይቁት፣ ይፈቅድላችኋል» የሚል ነበር። ሕጉ ልዩ ሁኔታ ያስቀመጠው ለቤቱ ነዋሪና እሱ ለፈቀደለት እንግዳ ነው፤ ያውም በቤቱ የሚኖሩት ሁሉ ሲስማሙና በዚያው ርቀት ውስጥ ሌላ ቤት ከሌለ ነው። የሰው እንግዳ ሆኖ መተኮስ መሬት ገዝቶ ከማደን ጋር አንድ አይደለም፤ ነገ ቤቱ ቢሸጥ ፈቃዱም አብሮ ይቀራል። ደግሞስ የጎረቤትን ፈቃድ እናንተ ልትሸጡት ትችላላችሁ?

መንገዱን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ሁለተኛ ፎቶ አጉልታችሁ እንድታዩ እንጠይቃለን። የጠጠሩ መንገድ ወደ ጫካ ሲታጠፍ በስተግራ ባለው ዛፍ ግንድ ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት ገደማ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ ሐምራዊ መስመር ይታያል። በዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ቢያንስ 2 ኢንች ስፋትና 8 ኢንች ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ነው። መግቢያ ብላችሁ ያሳያችሁት መንገድ የሌላ ሰው መሬት ነው ማለት ነው። የባለቤትነት ሰነዳችንን ሮምኒ በሚገኘው የካውንቲው ክለርክ ቢሮ ካለው መዝገብ ጋር አመሳክረናል፤ በእኛም ሆነ መንገዱ በሚያልፍበት መሬት ሰነድ ላይ የመተላለፊያ መብት የሚሰጥ አንድም ሐረግ የለም። እስከ ዛሬ ሲገባ የነበረው በባለመሬቱ ይሁንታ ነው፤ እሱም ሰንሰለት ባሰረ ቀን ያበቃል።

ይህ ከርክክቡ በፊት ሊታወቅ ይችል ነበር። የተለመደው የባለቤትነት መድን ወደ መሬቱ የሚያስገባ ሕጋዊ መብት አለመኖሩን ይሸፍናል፤ መድን ሰጪውም ይህን ሳያጣራ አይፈርምም። የሽያጭ ሠራተኛችሁ ግን «ለባዶ መሬት ወጪ አታብዙ» ብሎ አስቀረው። ቀያሽ እንዲለካውም «የካውንቲው የግብር ካርታ ይበቃል» ተባለ። የግብር ካርታ ግብር ለመተመን እንጂ ድንበር ለመለየት የሚሠራ አይደለም፤ ያ ቤት ከድንበሩ 60 ጫማ ላይ መሆኑን ያወቅነው ከክፍያ በኋላ ቀያሽ ቀጥረን የማዕዘን ብረቶቹን ካስተከልን ወዲህ ነው።

የአደን ፈቃዱን ነገር የሁለት ስቴቶችን ሕግ አደባልቃችሁ ነው የጻፋችሁት። በቨርጂኒያ ባለመሬት የስቴቱ ነዋሪ ባይሆንም በራሱ መሬት ያለ ፈቃድ ማደን ይችላል። በዌስት ቨርጂኒያ ይህ ነፃነት ለስቴቱ ነዋሪ ባለመሬት ነው። ገዢዎቹ የሜሪላንድ ነዋሪዎች መሆናችን በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ማስታወቂያውን አምኖ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ነው። ከመሬቱ በታች ያለው የጋዝና የማዕድን መብት ቀድሞ ለሌላ ወገን መተላለፉም ሊነገረን ይገባ ነበር።

ማስታወቂያችሁ «የገና ሥጋ ከራስዎ ጫካ» ይል ነበር። የዘንድሮው የወንድ አጋዘን የጠመንጃ ወቅት የተከፈተው ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት ሲሆን የተዘጋው ኅዳር 28 ነው። ሁለት ሳምንቱ በመንገድና በድንበር ጥያቄ አልፏል።

ስለዚህ ሽያጩ ፈርሶ 59,000 ዶላሩ፣ የቀያሹና የምዝገባው ወጪ ጭምር እንዲመለስልን፣ እኛም መሬቱን በሰነድ መልሰን እንድናስረክብ እንጠይቃለን። ይህን ካልተቀበላችሁ፣ ቢያንስ 30 ጫማ ስፋት ያለው፣ ከመሬቱ ጋር ለቀጣይ ባለቤት የሚተላለፍ የመንገድ መብት ባለመሬቱ በኖተሪ ፊት ፈርሞበት በክለርኩ ቢሮ እንዲመዘገብ፣ ዋጋውም ጠመንጃ መተኮስ በማይቻልበት 7.4 ኤከር ልክ እንዲቀነስ እንጠይቃለን። ከዚሁ መሬት አጠገብ ያሉት ሁለት ቁራጮች ዛሬም በዚያው ማስታወቂያ ለሽያጭ ቀርበዋል፤ ሌላ ወገን ከመግዛቱ በፊት «ለጠመንጃ አደን» የሚለው ይነሳ።

በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰን ጉዳዩን ለዌስት ቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል እናቀርባለን። የውሉ፣ የቀያሹ ካርታ፣ የማስታወቂያውና የፎቶው ቅጂዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
ሦስቱ ገዢዎች (ፊርማ)

ግልባጭ፦ ርክክቡን ላስፈጸሙት ጠበቃ