«ዛሬ አንበርም» ለማለት የሚያስችል ወረቀት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በደጋ የሚበሩ የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪዎችን የውሳኔ አሰጣጥ ይመለከታል

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

አነስተኛ አውሮፕላን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አብራሪው አንድ ነው። ረዳት አብራሪ የለውም፤ ከመሬት ሆኖ «ተው፣ ይቅርብህ» የሚለው የስምሪት ክፍልም የለውም። ከኋላ የተቀመጡት ግን አሉ፦ ሰርግ የሚደርሱ፣ ስብሰባ የሚጠብቃቸው፣ በሽተኛ ይዘው የሚጣደፉ። ሰማዩ ሲጠቁር አብራሪው የሚሟገተው ከደመናው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከይሉኝታውም ጋር ነው። ገንዘብ የከፈለን ሰው፣ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው፣ ይልቁንም ባለሥልጣንን «ዛሬ አንበርም» ማለት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። የውጭ ማሠልጠኛ መጻሕፍት አብራሪን ስለሚያሳስቱ አመለካከቶች ሲዘረዝሩ ማን አለብኝነትን፣ ችኮላን፣ ጀብደኝነትን ያነሳሉ። ይሉኝታን አያውቁትም፤ እኛ እናውቀዋለን።

የምንጠይቀው እምቢታው ከአብራሪው አፍ ከመውጣቱ በፊት ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ነው። ቁጥሩ ተሳፋሪው ከመድረሱ በፊት ተሰልቶ ከተጻፈ የከለከለው ቁጥሩ ይሆናል፤ አብራሪውም «ወረቀቱ አይፈቅድልኝም» ብሎ ፊቱ ሳይቀላ ይመለሳል።

ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ ከራሱ ከቦሌ እንጀምር። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይደመራል። ስለዚህ ግፊቱ መደበኛ በሆነበት፣ ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ በሚያሳይበት ቀትር አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ፣ ማለትም ዴንሲቲ አልቲቲዩድ፣ 10,600 ጫማ ነው። ቱርቦቻርጀር (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 180 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ ላይ የሚሰጠው 125 ገደማ ነው። ክንፉም በቀጭን አየር ለመነሳት 17 በመቶ ያህል የበለጠ እውነተኛ ፍጥነት ይፈልጋል። ጉልበት ጎደለ፣ የሚፈለገው ፍጥነት ጨመረ፤ ለመነሳት የሚሮጠው ርቀት በባሕር ወለል ከሚሮጠው እጥፍ ያህል የሚሆነው በዚህ ነው።

ከተነሳ በኋላስ? እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ ወደ 2,850 ጫማ ይበልጣል፣ በቀጥታ መስመር ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሙሉ ጭነት የያዘ ሴስና 172፣ ባለአንድ ሞተሩ አነስተኛ አውሮፕላን፣ በደቂቃ 300 ጫማ ቢወጣ ከሸንተረሩ ጫፍ ጋር ለመስተካከል ብቻ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማለትም ተራራው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ አውሮፕላኑ ገና የሚያስፈልገውን ከፍታ ግማሽ ብቻ ይዞ እያለ ከፊቱ ይቆማል። መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ሜዳው ላይ ወይም በደቡብ በኩል እየዞሩ ከፍታ ይዞ ከዚያ ወደ ሰሜን ማቅናት። ግን ይህን ስሌት መሬት ላይ ያልሠራ አብራሪ የሚሠራው ተራራው የፊት መስታወቱን ሲሞላው ነው። ወደ ሰሜን ለሚዘልቅ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ሴስና 172 ኤስ በፋብሪካው የተመዘገበለት የመውጣት ጣሪያ 14,000 ጫማ ነው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር፣ ወደ 14,930 ጫማ ነው።

ከባሕር ወለል አካባቢ ሠልጥኖ ፈቃዱን ይዞ ለሚመጣ አብራሪ ትልቁ ወጥመድ ቀዩ የሚክስቸር እጀታ፣ ማለትም የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ማስተካከያው ነው። የተማረው ለመነሳት እስከ መጨረሻው እንዲገፋው ነው። ቦሌ ላይ እንደዚያ ካደረገ ሞተሩ ለቀጭኑ አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣና ይንተፋተፋል፤ ቀድሞውንም የጎደለው ጉልበት ይበልጥ ይጎድላል። ቋሚ ፕሮፔለር (የምላጩ ማዕዘን የማይቀየር) ላለው አውሮፕላን ትክክለኛው አሠራር ጠጠር በሌለበት ቦታ ፍሬን ይዞ፣ ስሮትሉን (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያውን) ሙሉ ከፍቶ፣ ሚክስቸሩን የዙር ቆጣሪው ከፍተኛውን እስኪያሳይ በቀስታ መሳብ፣ ከዚያ ጥቂት መመለስ ነው። ይህን የሚያውቁትም ሲያርፉ ይረሱታል። ለማረፍ ሲዘጋጁ በልማድ ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው ይገፋሉ፤ ሜዳው ላይ ከብት ገብቶ እንደገና ለመነሳት ስሮትሉን ሲከፍቱ የሚፈልጉት ጉልበት አይገኝም።

ማረፉም የራሱ ማሳሳቻ አለው። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲያሳይ መሬቱ በ70 ኖት ይሮጣል። ዓይን «ፈጠንክ» ይላል፣ እጅ አፍንጫውን ያነሳል፣ አውሮፕላኑ ስቶል ያደርጋል፣ ማለትም ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። መታመን ያለበት መለኪያው ነው። በሸለቆ ውስጥ ዞሮ ለመመለስም እንዲሁ፦ በ80 ኖት፣ በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሙሉ ለሙሉ ለመዞር በባሕር ወለል 600 ሜትር ስፋት ይበቃል፤ በ10,600 ጫማ ግን 830 ሜትር ያስፈልጋል። በዓባይ ገባር ሸለቆዎች ውስጥ ያ ተጨማሪ 230 ሜትር ገደል ሊሆን ይችላል።

ሜዳውን በተመለከተ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለግል አብራሪዎች የሚሰጠው የማባዣ ስሌት ለእኛም ይሠራል። የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ለመነሳትና 50 ጫማ ከፍታ ለመያዝ 1,000 ሜትር ይበቃል ቢል፣ እርጥብ ሣር በ1.3፣ ሁለት በመቶ ዳገት በ1.1፣ በመጨረሻም ለደኅንነት በ1.33 ይባዛል። ውጤቱ 1,900 ሜትር ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በአዲስ አውሮፕላን፣ በሙከራ አብራሪ፣ በደረቅ አስፋልት መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ ጋር በየሜዳው እኩሌታ ላይ በግራና በቀኝ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይቀመጥ ዘንድ እንጠይቃለን። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ የመነሻ ፍጥነቱን 70 በመቶ ያላገኘ አውሮፕላን (ለምሳሌ በ55 ኖት የሚነሳ ከሆነ 39 ኖት ያልሞላ) ስሮትሉን ዘግቶ ይቁም። ወጪው የአንድ ጆንያ ኖራ ነው።

ጭነት ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሒሳቡ ይታወቃልና። 200 ሊትር አቭጋዝ (የአነስተኛ አውሮፕላን ቤንዚን) 144 ኪሎ ይመዝናል። ባለአራት ወንበር አውሮፕላን አራት ጎልማሳና ሙሉ ነዳጅ በአንድ ላይ የማይችል መሆኑን ተሳፋሪው አያውቅም፤ ወንበሩን ቆጥሮ ነው የሚመጣው። ክብደቱ ሲበዛ መቀነስ የሚቀናው ደግሞ ነዳጅ ነው፣ ነዳጅ ቅር አይለውምና። ዓለም አቀፉ ደንብ በቀን በእይታ ለሚበር 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይበቃል ይላል። አቭጋዝ በየሜዳው በማይገኝበት፣ ተለዋጭ ሜዳም ተራራ ተሻግሮ ባለበት አገር አንድ ሰዓት ቢሆን እንመርጣለን። የሚቀረው ሰው ወይም ሻንጣ ይሁን።

አሁን ወደ ክረምቱ እንምጣ፤ ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ የተነሳው ትዊን ኦተር ተራራ ላይ ወድቆ ሁሉም ሞቱ። ፍርስራሹ የተገኘው ቀናት ከፈጀ ፍለጋ በኋላ ነው። ያነሳነው በአብራሪዎቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላንም ከነሐሴ ደመናና ከደጋው ጠርዝ እንደማያመልጥ ለማሳሰብ ነው። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ላልሠለጠነ ደግሞ ጊዜው እጅግ አጭር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ዓይነት 20 አብራሪዎችን ፈትኖ ነበር፤ የውጭ እይታ ካጡ በኋላ አውሮፕላኑን መቆጣጠር የቻሉት በአማካይ ለ178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ደንቡ ከ10,000 ጫማ በታች 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጀምሮ 8 ኪሎ ሜትር እይታ ይጠይቃል። ለባሕር ጠረፍ አገር 10,000 ጫማ ሩቅ ሰማይ ነው። ለእኛ ከቦሌ 2,400 ጫማ ከፍ ሲሉ ይገኛል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የሚሠራው ቁጥር በተግባር 8 ነው። ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ ቆይታ፣ ከ13,000 በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ኦክስጅን ያስፈልጋል። «ደጋ ተወልጄ አድጌ» የሚል አብራሪ አይጠፋም። አዲስ አበባ መኖር ሰውነትን ያለማምዳል፤ ከደንቡ ግን ነፃ አያወጣም። ኦክስጅን ሲጎድል መጀመሪያ የሚደክመው ማመዛዘኛው ነውና ደህና ነኝ የሚለውም ያው የደከመው አእምሮ ነው።

እንግዲህ የምንለው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ከበረራ ዕቅዱ ጋር ተያይዞ ተሳፋሪ ከመድረሱ በፊት ይሞላል፣ ይፈረማል። በላዩ የሚሰፍሩት፦ የመነሻና የመድረሻ ሜዳ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ፤ የተባዛው የመነሻ ርቀትና የሜዳው ርዝመት ጎን ለጎን፤ የተሳፋሪና የሻንጣ ክብደት በሚዛን እንጂ በግምት ያልሆነ፤ በመንገዱ ላይ ያለው ከፍተኛው ሸንተረርና ከበላዩ የሚታለፍበት ከፍታ (ነፋስ ባለበት ቀን ቢያንስ 2,000 ጫማ)፤ ሲያርፍ የሚተርፈው ነዳጅ በደቂቃ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመመለሻ ሰዓት፦ እዚህ ሰዓት ድረስ እዚህ ቦታ ካልደረስኩ፣ ወይም ይህ ተራራ ካልታየኝ፣ እመለሳለሁ። በክረምት ደመናው ከቀትር ጀምሮ ስለሚቆለል ይህ ሰዓት ጠዋት ላይ መሆን አለበት። ለማታ ብርሃን የሚተማመንም የእኛ ድንግዝግዝታ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ መሆኑን ያስብ።

በነገራችን ላይ ሰዓቱ በሁለት መልክ ይጻፍ። ተሳፋሪው «ሦስት ሰዓት» ሲል የጠዋቱን ሦስት ማለቱ ነው፤ በእጅ ስልኩ 9፡00፣ በበረራ ዕቅዱ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) 06፡00 ነው። በሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መካከል የተምታታ ቀጠሮ ከነጎድጓዱ ጋር ያገናኛል።

ከወረቀቱ ሌላ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

ፈቃዱን በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ አገር ያገኘ አብራሪ ተሳፋሪ ይዞ ደጋ ላይ ከመብረሩ በፊት ከአሠልጣኝ ጋር የደጋ ፍተሻ ይኑረው። ፍተሻው የሰዓት ብዛት መቁጠር አይሁን፤ በሙሉ ጭነት፣ በቀትር ሙቀት ይሁን። ሚክስቸር አስተካክሎ መነሳትን፣ ከግማሽ ሜዳ ማቆምን፣ ሸንተረርን በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ቀርቦ ካልተመቸ መታጠፍን፣ ከሸለቆ ዞሮ መውጣትን ያሳይ። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ደግሞ በክረምቱ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ዙር ሲቀንስ የካርቡሬተር ማሞቂያውን ሙሉ ስቦ መታገስን ይልመድ። በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ለአፍታ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ማሞቂያውን የሚዘጋ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የአየር ሁኔታ መረጃ ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያ የሌለው ሜዳ ጠባቂ በስልክ «ሰማዩ እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው» ይላል፤ ምን ይበል? በአላስካ የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ከ200 በላይ ቦታዎች ላይ ካሜራ ተክሏል፤ አብራሪው የአሁኑን ምስል በጠራ ቀን ከተነሳው፣ የተራራው ከፍታና ርቀት ከተጻፈበት ምስል ጋር ያነጻጽራል። ካሜራው እስኪመጣ የጠራውን ቀን ምስል ማዘጋጀት ይቻላል። ለላሊበላ ሜዳ ለምሳሌ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በጠባቂው እጅም በአብራሪው እጅም ይኑር። ያኔ ጥያቄው «የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ይታያል? ግማሹስ?» ይሆናል፤ መልሱም ሜትር ያለው መልስ ነው።

ሦስተኛው፣ የተመለሰ አብራሪ አይጠየቅ፤ የተሳሳተም ሳይፈራ ይናገር። በአሜሪካ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የምስጢር ሪፖርት ሥርዓት አለ። ሳያስበው ደንብ የጣሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ከጻፈ፣ ወንጀል ወይም አደጋ እስካልሆነ ድረስ፣ ከቅጣት ይድናል፤ ስሙም ከሪፖርቱ ይፋቃል። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው መሥሪያ ቤት አለመሆኑ ዋናው ቁም ነገር ነው። እኛም አገር ሳጥኑ ከባለሥልጣኑ ውጭ ባለ እጅ ቢቀመጥ ደመና ውስጥ ገብተው የወጡት ሰዎች ይጽፋሉ ብለን እናምናለን።

የወረቀቱን ረቂቅ አዘጋጅተን ለማቅረብ፣ ከመጪው ሰኔ በፊትም በጥቂት ሜዳዎች ለመሞከር ዝግጁ ነን። ረቂቁን የሚቀበለን ክፍል የትኛው እንደሆነ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪነት፣ አሠልጣኝነትና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት