ከራሞን በረሃ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው? የቶሮንቶ ብርድስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። በጣም ተጠፋፋን። አንቺም በልጆች፣ እኔም በሥራ ተወጥረን ጊዜው እንዲሁ ነጎደ። ዛሬ ግን ሳልጽፍልሽ አላድርም ብያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እዚህ እስራኤል ደቡብ ወዳለው የኔጌቭ በረሃ ወርጄ ነበር፣ ማኽቴሽ ራሞን ወደሚባለው ትልቅ ጎድጓዳ ሸለቆ። ልጅ ሆነን በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሄደን ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ያየነው ትዝ ይልሻል? አሁን እታች ድረስ ገብተን በእግር ተጓዝንበት፣ አደርንበትም። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የፈጠረው ይመስለዋል። የቆፈረው ግን ውኃ ነው። የላዩ ጠንካራ ድንጋይ ሲሸረሸር፣ ከሥሩ ያለውን ልል አሸዋማ ድንጋይ ጎርፍ እየጠረገ በሸለቆ አወጣው። ያ ሁሉ ደረቅ ምድር የውኃ ሥራ መሆኑ አሁንም ይገርመኛል።

አፋፉ ላይ ባለችው ሚጽፔ ራሞን ከተማ ውስጥ የበረሃ ፍየሎች በየሰዉ ደጅ ይንጎራደዳሉ። ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው፤ ቁርጥ የስሜን ዋልያ!

ስንቄን ያዘጋጀችልኝ እናቴ ናት። ዳቦና ቆሎ ስትቋጥርልኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ በረሃ ደግሞ ወዶ ይገባል?» አለችኝ። ስቄ ወጣሁ።

ወደ አርዶን ተራራ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። እያንዳንዳችን 5 ሊትር ውኃ ተሸክመናል። ትከሻዬ እስኪላጥ ድረስ ከበደኝ፣ ግን አንዲት ጠርሙስ እንኳ ለሰው ማሸከም አልፈለግሁም። ከላይ ስትደርሺ ምድሩ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ይዘረጋል። ማንም አላወራም።

ማታ ድንኳን ተክለን፣ እሳት አንድደን፣ በጀበና ቡና አፈላሁላቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቆይቶ ጨረቃ ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለች። አሸዋው ሁሉ ነጣ፣ የራሴን ጥላ አየሁት። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ቤት ደረስኩ። እራት ላይ ስለ ጨረቃዋ ለእናቴ ነገርኳት። ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መልሳ፣ «እኛ ጨረቃ ስትወጣ እንፈራ ነበር» አለችኝ። ከኢትዮጵያ ወጥተው ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተደብቀው፣ ሌሊት ነው ወደ ሱዳን የተጓዙት። ጨረቃ ከወጣች ሽፍታም ወታደርም ያያቸዋል። ልጅ ካለቀሰ አፉን ይይዙታል። እኔ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ላይ እጅ መጫንን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ወዳለው፣ በዚያ ጉዞ ለሞቱት ቤተ እስራኤላውያን ወደቆመው መታሰቢያ እንሄዳለን። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4000 ሰው እንደሞተ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እናቴ በዚያ መንገድ ምን እንዳየች ግን አላውቅም ነበር። ጠይቄያትም፣ ነግራኝም አታውቅም።

አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ውኃ ሊያልቅ የደረሰ ቀን፣ ከቡድኑ ውስጥ ጀሪካን የቀራቸው ያንቺ እናት ብቻ ነበሩ አለችኝ። በጀሪካኑ ክዳን እየለኩ ለልጆቹ ሁሉ አዳረሱ። ለራሳቸው አልቀመሱም። ከጠጡት ልጆች አንዱ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትሽ ይህን ነግረውሽ ያውቃሉ? እኛ ልጆች ሆነን እቤታችሁ ስንፈነጭ፣ እናቴ ለእናትሽ ቀድማ ቡና የምትቀዳው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

እባክሽ እናትሽን ጠይቂያቸው። አስቸግረሽም ቢሆን፣ ቀስ ብለሽ። የነገሩሽን ጻፊልኝ፤ እኔም የእናቴን በስልኬ መቅዳት ጀምሬያለሁ፣ እልክልሻለሁ። ለፋሲካ ከመጣሽ ደግሞ አንቺን ራሞን ይዤሽ ልወርድ አስቤያለሁ። ጥሩ ጫማ ብቻ ያዢ፣ ድንኳኑ ከኔ።

እናቴ የእናትሽን ስልክ ቁጥር ትፈልጋለች። አሁኑኑ ላኪልኝ፣ ከጎኔ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።

የምትወድሽ እህትሽ