ጥጥ ፈታዩ የት ሄደ? ለባህልና ስፖርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት እግር ኳስ ቡድኖች መዝገብ ተሰብስቦ እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ከአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ተነሥቶ አንድ የፋብሪካ መጋዘን ደጃፍ ላይ ያደርስዎታል። መንገዱ ትንሽ ስለሚረዝም በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ውድድር ሲኖር ደግሞ የፋብሪካው ቡድን የግራ ክንፍ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም። ባለፈው ክረምት ልጄ «አባባ፣ ስለ ኳስ አጀማመር የሚያወራ ድራማ አለ» ብላ ኔትፍሊክስ በእ.ኤ.አ. 2020 ያወጣውን ባለ ስድስት ክፍሉን «ዘ ኢንግሊሽ ጌም» ከፈተችላቸው። እሷ ከሥር ከሥር እየተረጎመች፣ እሳቸው ትራስ ጉልበታቸው ሥር አድርገው፣ በሦስት ምሽት ጨረሱት።

መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ኳሱ አልነበረም። ስለ ፋብሪካው ነው። «ማሽን ተነሥቶ ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ አያወራም» አሉ። «እኛ በከንፈር ነበር የምንግባባው። ካቦው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሲሰድበን በከንፈሩ ነው የምናውቀው።» የድራማው ታሪክ የተፈጸመባት የእንግሊዟ የላንክሻየር አውራጃ ሸማኔዎችም በዚያ ጫጫታ ውስጥ ከንፈር እያነበቡ ያወሩ እንደነበር ኋላ ሳነብ ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ድራማውን እኔም እንደ አዲስ አየሁት።

ታሪኩን ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። በእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው በእ.ኤ.አ. 1863 ነው፤ የማኅበሩ ዋንጫ ደግሞ በ1871 ተጀመረ። እስከ 1882 ድረስ ዋንጫውን ያነሡት በሙሉ የመኳንንትና የባለጸጋ ልጆች፣ የመኮንኖች ወይም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ነበሩ። ደንቡ ደግሞ ለኳስ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ለባለ ርስት ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ቅዳሜ እስከ ቀትር በኋላ ፋብሪካ ቆሞ ለሚውል ሸማኔ ግን ለንደን ድረስ ሄዶ መጫወት ማለት የቀን ደመወዙን መተው ነው።

ዳርዌን የምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ሁለት ስኮትላንዳውያን አስመጣች፤ ፈርገስ ሱተርና ጂሚ ላቭ። ሱተር በሙያው ድንጋይ ጠራቢ ነው። የላንክሻየር ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነብኝ መጥረቡን ተውኩት ማለቱ ይወራል። የድንጋዩን ጥንካሬ እንጃ፤ ዳርዌኖች በምን እንደሚተዳደር እንዳልጠየቁት ግን እገምታለሁ።

በ1879 ዳርዌን በዋንጫው ሩብ ፍጻሜ የመኳንንት ልጆች ከሚማሩበት ከኢተን ኮሌጅ ምሩቃን ቡድን ጋር ለንደን ላይ ተገናኘ። አምስት ለአንድ ተበልጦ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች አራት ግብ አግብቶ አምስት ለአምስት ወጣ። ተጨማሪ ሰዓት እንጫወት ሲሏቸው የኢተን ሰዎች እምቢ አሉ። መልሱ እንደገና ለንደን ሆነ፤ ሁለት ለሁለት። ሦስተኛውም ለንደን። በየጊዜው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር የሚጓዘው ሠራተኛው ነው፤ የመሳፈሪያውንም ገንዘብ ያዋጣው የከተማው ሕዝብ ነው። በሦስተኛው ስድስት ለሁለት ተሸነፉ። እዚህ ላይ አባቴ «እግራቸው አልቋላ!» ብለው ትራሳቸውን አመቻቹ።

እስከዚህ ድራማው ከታሪኩ ብዙ አይርቅም። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው፤ ወደ እርስዎም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ ሱተር በ1880 ዳርዌንን ትቶ ወደ ብላክበርን ሮቨርስ ሄደ። በብላክበርን ከተማ ግን ሌላ ቡድን ነበር፤ ብላክበርን ኦሊምፒክ። በ1883 ለፍጻሜ ደርሶ፣ ለንደን በሚገኘው የኬኒንግተን ኦቫል ሜዳ፣ የኢተን ምሩቃንን በተጨማሪ ሰዓት ሁለት ለአንድ አሸንፎ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሠራተኛው ሰፈር የወሰደው ኦሊምፒክ እንጂ የሱተር ቡድን አይደለም። አምበሉ አልበርት ዋርበርተን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አሸናፊዋን ግብ ያገባው ጂሚ ኮስትሊ ጥጥ ፈታይ ነው። ድራማው ሁለቱን ቡድኖች አንድ አድርጎ «ብላክበርን» አላቸውና በዚያ ፍጻሜ ላይ ሱተርን አሰለፈው።

ድራማ ድራማ ነው፤ ባለ ሁለት ቡድን ታሪክ ተመልካች ያደናግራል ብለው ይሆናል። ሱተርም ቢሆን ከዚያ በኋላ ከሮቨርስ ጋር በ1884፣ በ1885ና በ1886 ዋንጫ በልቷል፤ የሰው ክብር አያንሰውም። ግን ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ፈታዩ የት ሄደ?» አሉኝ።

የት እንደ ሄደ ነገርኳቸው። ኦሊምፒክ በ1889 ፈረሰ። ሮቨርስ ግን በ1888 የእንግሊዝን ሊግ ከመሠረቱት አሥራ ሁለት ክለቦች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። የኖረ ክለብ ታሪኩን የሚያስጽፍለት አያጣም። የፈረሰው ክለብ ታሪክም ሄዶ ሄዶ ከኖረው ላይ ይደረባል። ሆኖም እንግሊዞች ኮስትሊን ከድራማው ቢያወጡትም ከመዝገብ አላወጡትም። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የዚያን ቀን ተጫዋቾች ስምና ሥራ አንድ በአንድ ማግኘት ችያለሁ።

አርተር ዋርተንንም ልጨምር። በ1865 አክራ የተወለደ፣ በ1889 ለሮዘርሃም ታውን ፈርሞ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች የተባለ በረኛ ነው። ኳሱን ሲጨርስ የከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርቶ በ1930 ሞተ፤ መቃብሩ ላይ ስም እንኳ አልነበረም። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው። ስድሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ ያንን ድንጋይ ማቆም የተቻለው ወረቀቱ ስለተረፈ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም መመሥረት፣ የይድነቃቸው ተሰማን ሥራ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ማንሣታችንን ብዙ ሰው ያውቃል። ይገባቸዋልም። በ1936 ዓ.ም በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ የተሰለፉት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድን እንደነበሩ፣ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ይዘው እንደሄዱ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ ብቻውን ስድስት ክፍል ድራማ ይወጣዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ናቸው። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ዓ.ም የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ከአንድ ጊዜ በላይ አንሥቷል። ጥጥ ፈታዮች ሻምፒዮን ሆነዋል ማለት ነው፤ እንደ ብላክበርን ሁሉ። ስንት ልጅ ያውቀዋል?

አባቴን «ለመሆኑ አንተ ፕሮፌሽናል ነበርክ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እኔ ፈታይ ነበርኩ» አሉ ሳቅ ብለው። ነገሩን ሲያስረዱኝ ግን እንዲህ ነው። ልምምድ ባለበት ቀን ከፈረቃው አጋማሽ ላይ ካቦው ይለቃቸዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን ሙሉ ቀን ይጻፋል። ከሌላ ከተማ ያስመጡት አንድ አጥቂ ነበር፤ ደመወዙ በዘበኛ ስም ይወጣል፣ ዱላ ይዞ ያየው ሰው ግን የለም። ዋንጫ ሲገኝ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጣቃ አቡጀዲ ይሰጣል። የአባቴን ድርሻ እናቴ አንሶላ አድርጋዋለች፤ እኔም ልጅ ሆኜ የተኛሁበት ነው። ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ማኅተም በሰማያዊ ቀለም ታትሞ ነበር፤ ስንት ዓመት ታጥቦ አልለቀቀም።

ይህ እንግሊዝ አገር ቢሆን ስሙ ይታወቃል። በእ.ኤ.አ. 1884 የፕሪስተን ቡድን አለቃ ዊልያም ሰደል፣ እሱም የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ተጫዋች ትከፍላለህ ተብሎ ሲከሰስ አልካደም። ቡድኑ ከዋንጫው ተባረረ። የሰሜኑ ክለቦች የራሳችንን ማኅበር እንመሠርታለን ብለው ዛቱና በሐምሌ 1885 ክፍያ ተፈቀደ። ያውም ከነገደቡ ነው፤ ተከፋዩ በዋንጫ ለመሰለፍ ከሜዳው በስድስት ማይል ክልል ውስጥ የተወለደ ወይም ሁለት ዓመት የኖረ መሆን ነበረበት። ከዚያ በ1901 የሳምንት ደመወዝ ከአራት ፓውንድ አይበልጥም ተባለ። ጣሪያው መጠኑ እየጨመረ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1961 ነው። እኛም አገር ስለ ተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ስንከራከር ነገሩ ትናንት የተፈጠረ ነው የምናስመስለው። ለምን ቢሉ፣ የእኛ ተጫዋች መቼና እንዴት መከፈል እንደ ጀመረ የሚያሳይ መዝገብ ፊታችን ስለሌለ ይመስለኛል።

መዝገቡን ፍለጋ ሄጃለሁ። አባቴ የሠሩበት ፋብሪካ ባለቤት ከተለዋወጠበት ቆይቷል። በር ላይ ያለው ዘበኛ ደግ ሰው ነበር፤ ማንነቴን ጠይቆ ወደ ንብረት ክፍል አሻገረኝ። ንብረት ክፍል ወደ አስተዳደር፣ አስተዳደር «ማመልከቻ አስገባ» አለኝ። አስገባሁ። በሦስተኛው ምልልስ አንድ አዛውንት መጋዘን ጠባቂ ወደ ጎን ጠርተው «ልጄ፣ አትልፋ። የድሮው ወረቀት በኪሎ ተሽጧል» አሉኝ። ቤት መጥቼ ስናገር አባቴ አልተናደዱም። «የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ይሆናል» አሉና የሚያውቋትን የአንዲት ባለ ቆሎ ስም ጠሩ።

ስለዚህ የምጠይቀው ድራማ እንዲሠራልን አይደለም፤ እሱ የባለሙያው ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይሠራል። የምጠይቀው ድራማ ሠሪው ሲነሣ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ነው። መሥሪያ ቤትዎ በመንግሥት እጅ ላሉትም ወደ ግል ለዞሩትም ፋብሪካዎች አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የስፖርት ክፍል ፋይል፣ የደመወዝ መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ የተረፈ ዋንጫ ሳይቀር እንዳይጣልና በብሔራዊው ቤተ መዛግብት እንዲመዘገብ። ይህ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ ፊርማና ማኅተም ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፣ ይቸኩላልም። በሕይወት ያሉትን የፋብሪካ ተጫዋቾች ድምፅ መቅዳት ነው። ካሜራ ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ወጣት አይጠፋም፤ የጎደለው ላከኝ የሚለው መሥሪያ ቤትና የቀዳውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በመንግሥት ቴሌቪዥን ቤት የተቀመጠ የድሮ የስፖርት ፊልም ካለም ለጥናትና ለድራማ ሥራ በምን አኳኋን እንደሚገኝ ግልጽ መመሪያ ይውጣ። ዛሬ የሚሠራው ሰው በሚያውቀው ሰው በኩል ካልሆነ በየት እንደሚገባ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልጠይቅም። አባቴ ዘንድ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አሥራ አንድ ሰዎች በሁለት መስመር፣ የፊተኞቹ ተንበርክከው፣ አንዱ ታኬታ የሌለው በባዶ እግሩ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ሰው ወስዶ ይመዝግበው ቢባል በደስታ እናስረክባለን። ባለፈው ሳምንት አባቴ እስክሪብቶ አምጪ ብለው ልጄን አዘዙና ጀርባው ላይ ስም መጻፍ ጀመሩ። ሰባቱን ጻፉ። የአራቱን ለማስታወስ አሁንም ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ጥጥ ፈታይ ልጅ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን