«ጥንታዊ ነው» ለሚላችሁ ሻጭ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ቲቤት የፀጉር ጌጦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተግባባንም። ቱርኩዝ ስለሚባለው ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ ሲያወራ «ቱርኩዙ አረንጓዴ ከሆነ ጌጡ ጥንታዊ ነው» ይላል። ይህን አምኖ ዴልሂ ወይም ካትማንዱ ገንዘቡን የሚያፈስ አይጠፋምና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቱርኩዝ ላብና የፀጉር ቅባት እየመጠጠ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሊሄድ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ብረት ስላለበት ገና ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ የሆነም ሞልቷል። ሻጮቹስ ሞኝ ናቸው? ሃውላይትና ማግኔሳይት የሚባሉ ነጫጭ ድንጋዮችን ቀለም ይነክራሉ፣ የቱርኩዝ ዱቄት በሙጫ አቡክተው ያደርቃሉ፣ አዲስ የብር ጌጥ አጥቁረው «የአያቴ ነበር» ይሏችኋል። እኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የማየው። ዕድሜ ልክ ፀጉር ላይ የታሰረ ጌጥ ማንጠልጠያው ይሳሳል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ክሩም አንድ ቦታ ላይ ተጠግኖ ይገኛል። ፊቱ አርጅቶ ጀርባው አዲስ ከሆነ ተዉት።

እሺ፣ እውነትም አሮጌ ነው እንበል። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የህንድ የቅርስ ሕግ 100 ዓመት የሞላውን እንዲህ ያለ ዕቃ ግለሰብ ከአገር እንዳያወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ ከዋሸ ተበላችሁ፣ እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ልትያዙ ነው!

ጽሑፉ «ጥሩ ኢንቨስትመንት» ብሎ ማለፉም አልተዋጠልኝም። በሰሜን ህንድ ያለችው፣ የቲቤትን ባህል የምትጋራው የላዳክ ሴቶች ፔራክ የሚሉት የራስ ጌጥ አለ፤ ከግንባር ተነስቶ ጀርባ ላይ የሚወርድ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቆዳ ላይ ቱርኩዝ በረድፍ በረድፍ የተሰፋበት፣ ባለቤቷ የማን ቤት ልጅ እንደሆነች ሳትናገር የሚያሳውቅ፣ ብዙውን ጊዜም ከእናት ለመጀመሪያ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ነው። በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ ደግሞ የመሳፍንቱ ሴቶች ከባሕር በሚገኝ ቀይ ኮራልና በቱርኩዝ የተሞላ ባለሦስት ማዕዘን ጌጥ ራሳቸው ላይ ያስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 በኋላ ወደ ህንድና ኔፓል ከተሰደዱት ቲቤታውያን ብዙዎቹ ጌጣቸውን የሸጡት ለዕለት ጉርስ ነው። ገበያው ውስጥ ያለው እውነተኛ አሮጌ ጌጥ ከየት እንደመጣ ስትጽፉ ይህን መዝለል አይቻልም፣ ለነገሩ ዋጋውን ለመጻፍ ቦታ አላጣችሁም።

ጌጡን የወደደ ሰው አዲስ ተሠርቶ፣ አዲስ ተብሎ የሚሸጠውን ይግዛ፤ ደረሰኝም ይቀበል። እናንተም የአረንጓዴውን ነገር በሚቀጥለው ዕትም አርሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ